ሥዕል ንብን ይጠብቅ
(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ዛሬ የምናገረው ስለ ጠጁ ባለቤት ስለ ንቢቱ ስለ ሆነ ነገሬን በአንድ ታሪክ እጀምራለሁ።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃን ካለፈ በኋላ፣ መተማ ዮሐንስ ከመድረሱ በፊት፣ ኮኪት የምትባለውን ከተማ ያገኛል። አገሩ ቆላ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል፤ በጫካውም የዕጣን ዛፍና ሽመል ይበቅላል። በሥራዬ ምክንያት በዚያ ባለፍሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሚከተለውን አጫወቱኝ።

እኒህ ሰው ከሰሊጥ ማሳቸው ዳር በቆመ ግራር ላይ አምስት ቀፎ ሰቅለው ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሰሊጡ አበባ በያዘበት ወራት፣ ጎረቤታቸው ማሳውን የተባይ መድኃኒት ሊያስረጭ መሆኑን ሰሙ። ስለዚህ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው በጣውላ ላይ «ንብ ስላለ ጠዋት አትርጩ» ብሎ እንዲጽፍ አዘዙት። ልጁም በመልካም ፊደል ጻፈ፤ ሰሌዳውም በድንበሩ ላይ ተተከለ። በማግሥቱ ጠዋት በ3 ሰዓት ረጪው መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ፤ በሰሌዳው አጠገብ አለፈ፤ እስከ ድንበሩም ድረስ ረጭቶ ሄደ። ቀኑ ሳይመሽ ከግራሩ ሥር የወደቀው ንብ በእፍኝ የሚታፈስ ሆነ። ከአምስቱ ቀፎዎች ሦስቱ ፈጽመው ዝም አሉ።

ረጪው ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የወረደ ወጣት ነበር፤ በዚያ አገር ሳሉግ ከሚባሉት የቀን ሠራተኞች አንዱ። ሽማግሌው ቢጠይቁት «አባቴ፣ ሰሌዳውንስ አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ፊደል አልቆጠርሁም። የመሬቱ ቁጥር መስሎኝ ነበር» ሲል መለሰላቸው።

ሽማግሌው ይህን ነግረውኝ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ልጁ አልዋሸም፤ ጎረቤቴም ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔም በጊዜው አስጠንቅቄአለሁ። ንቦቼ ግን ሞቱ» አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን፤ የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ሰሌዳ ነው። ሰው ሁሉ ደግ ሳለ፣ ማስጠንቀቂያውም ተጽፎ ሳለ፣ ጥፋቱ የደረሰው ምልክቱ ለሚያየው ሰው ስላልተናገረ ነው። ስለዚህ በኮኪትና ኮኪትን በመሰሉ ከተሞቻችን ንብንና ሌሎቹን የአበባ ረዳቶች የምንጠብቅበት አንድ የሕዝብ ሥዕል፣ አንድ የጋራ ምልክት ቢኖረን እንዴት ያለ መሆን እንደሚገባው በበኩሌ የማስበውን አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ንብ ለከተማ ሰው ምኑ ናት? የሚለውን እንመልከት። ብዙዎቻችን ንብን የምናውቃት በማርዋ ነው። ይህም አያስገርምም፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘች አገር ናት። ነገር ግን ማር የንብ ሥራ ግማሹ እንኳ አይደለም። ንቢቱ ከአበባ ወደ አበባ ስትዘዋወር በጠጉርዋ ላይ የሚጣበቀው ዱቄት ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ይደርሳል፤ አበባውም በዚህ ፀንሶ ፍሬ ይይዛል። በ2008 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሊቃውንት መርምረው እንዳስታወቁት፣ በዓለም ላይ ዋና ከሚባሉት የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከአራቱ ሦስት እጅ የሚበልጡት፣ በመጠኑም ቢሆን፣ የዚህ ዓይነት ርዳታ የሚሹ ናቸው። ሰሊጥ ያለ ንብ ከቶ አያፈራም ማለት አይደለም፤ በራሱም ያፈራል። ይሁን እንጂ ንብ የጎበኘችው ሰሊጥ ፍሬው ይበረክታል። ሎሚውም፣ ማንጎውም፣ ዱባውም፣ ሱፉም እንዲሁ ባለውለታዎች አሏቸው።

ባለውለታዎቹም የቀፎ ንቦች ብቻ አይደሉም። የዱር ንቦች ዓይነት በዓለም ላይ ከ20,000 ይበልጣል። ከእነርሱም አብዛኞቹ ማር አያከማቹም፤ በመንጋም አይኖሩም። አንዷ በመሬት ጉድጓድ፣ አንዷ በደረቀ ሽመል ውስጥ፣ አንዷም በጭቃ ግድግዳችን ቀዳዳ እንቁላልዋን ጥላ ልጆችዋን ታሳድጋለች። ቢራቢሮውም፣ ጢንዚዛውም፣ የሌሊት ወፉም ሳይቀር የየራሱ አበባ አለው። ባለቤት የሌላቸው በመሆናቸው ሲሞቱ የሚያለቅስላቸው የለም፤ ጉዳቱን የምናውቀው ፍሬው ሲያንስ ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ የገበሬ ነገር ነው፤ ከተማ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቆላው አገር በጋው ረጅም ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ምድሩ ሲሰነጠቅ፣ አበባና ውኃ የሚገኘው ሰው በሚኖርበት አጠገብ ነው፤ በጓሮው ሎሚ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ቅጥር ዛፍ፣ በቧንቧው ሥር ኩሬ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀን ንቦች ውኃ ቀድተው ወደ ቀፏቸው ያገባሉ፤ በክንፋቸውም እያራገቡ ቤታቸውን ያቀዘቅዛሉ። በዚያ ወራት በሻይ ቤት በረንዳ የተቀመጠ ሰው በብርጭቆው ጠርዝ ዙሪያ ንብ ሲከበው፣ ሻይ አፍዪዋም ስኳሩን በሳሕን ከድና ንቡን በፎጣ ስትመታ ያያል። ንቦቹ የመጡት ሊነድፉ አይደለም፤ ውኃ ጠምቷቸው ነው። በአጠገቡ ጠጠር የተጨመረበት አንድ የውኃ ጣሳ ቢቀመጥ ብርጭቆውን ይተዉት ነበር።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። መድኃኒቱ የሚሸጠው በከተማ ነው፤ መርጫው የሚከራየው በከተማ ነው፤ ሳሉጉም ከመኪና የሚወርደው፣ ሥራ የሚዋዋለው፣ ምሳውን የሚበላው በከተማ ነው። ስለዚህ ማሳው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ አስቀድማ የምታየው ከተማዪቱ ናት። ትምህርቱም መጀመር የሚገባው ከዚያው ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ሥዕልና ንብ በአገራችን ታሪክ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። የላስታው ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከቦት እናቱ «ንብ ሹመቱን ዐወቀች» ብላ ስሙን እንዳወጣችለት በታሪኩ ይነገራል። ለኮኪት ደግሞ የበለጠ የሚቀርብ ታሪክ አለ። በጥር 1880 ዓ.ም. በመተማ በኩል የመጣው የድርቡሽ ጦር እስከ ጎንደር ዘልቆ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፣ ወታደሮቹ ወደ ቅጥሩ ሲቀርቡ የንብ መንጋ ተነሥቶ መለሳቸው። በዓመቱም፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማው ጦርነት ወደቁ። ያ ዘመን በጠረፉ ግራና ቀኝ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ በመተማ ገበያ የሚገናኙት ጎረቤቶች የሚፈልጉት ሰላምን ነው። ትረካው ግን አንድ ነገር ትቶልናል። ዛሬ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ቁልቁል የሚመለከቱንን የመላእክት ፊቶች ባየን ቁጥር፣ እንደ አባቶች ቃል፣ የንብን ውለታ እናያለን። በዚያን ጊዜ ንቦች ሥዕልን ጠበቁ። ዛሬ ደግሞ ሥዕል ንቦችን ቢጠብቅ ብድር መመለስ ነው።

በውጭ አገርም የዚህ ዓይነት ሥራ አለ። ስሎቬንያ በምትባለው በአውሮፓ አገር ገበሬዎች የንብ ቀፎአቸውን ከሣንቃ እየሠሩ እንደ መሳቢያ ይደረድሩት ነበር፤ የያንዳንዱንም ቀፎ የፊት ሰሌዳ በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ከነዚህ ሰሌዳዎች ጥንታዊ ሆኖ የሚታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1758 የተሣለ ነው። በሰሌዳዎቹ ላይ ቅዱሳን ይሣላሉ፤ ቀልድም አይጠፋም፤ ለምሳሌ አራዊት ተሰብስበው የአዳኙን አስከሬን ተሸክመው ሲቀብሩት ይታያል። ሥዕሉ ግን ለጌጥ ብቻ የዋለ አልነበረም። ባለቤቱ ቀፎውን ከቀፎ ይለይበታል፤ ንቢቱም ቤትዋን ከጎረቤትዋ ቤት ትለይበታለች። ከዚያው አገር የተወለደው አንጦን ያንሻ ሥዕል ሊማር ወደ ቪየና ሄዶ ሳለ፣ በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ዘመን የንብ እርባታ መምህር ሆኖ ተሾመ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የዓለም የንብ ቀን ብሎ የወሰነው ግንቦት 12 የዚህ የሠዓሊና የንብ መምህር የልደት ቀን ነው ተብሎ ነው።

በእኛም ዘመን ማቲው ዊሊ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ በየከተማው ግድግዳ ላይ ንብ ይሥላል። አሳቡ በጠቅላላው 50,000 ንብ መሣል ነው፤ ይህም ጤነኛ በሆነ አንድ ቀፎ ውስጥ የሚገኘው የንብ ቁጥር ነው። አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ንብ ሲሥል መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ይጠይቃል፤ ከጥያቄውም ጨዋታ ይወለዳል። ከስሎቬንያዎቹ የምንማረው ሥዕሉ ከቀፎው ጋር መኖር እንደሚገባው ነው፤ ከአሜሪካዊው ደግሞ ሥዕል በአደባባይ ሲሠራ ሥራው ራሱ ትምህርት እንደሚሆን ነው። ከዚያ የቀረውን ግን ከራሳችን ማውጣት ይገባናል፤ የኮኪት ግድግዳ፣ የኮኪት ፀሐይና የኮኪት መንገደኛ ሌላ ናቸውና።

እንግዲህ ምልክቱ እንዴት ይሁን?

1ኛ. ምን ይሣል? ወዲያው በሁላችንም አሳብ የሚመጣው «ንብ ይሣል» የሚል ነው። ነገር ግን እንጠንቀቅ። በኮኪት ግድግዳ ላይ ንብ ብቻዋን ብትሣል ከመንገደኛው ግማሹ «ጠጅ ቤት ነው» ብሎ ይገባል፤ ግማሹም «ተናዳፊ ንብ አለ» ብሎ ይሸሻል። ቀፎ ብቻውን ቢሣል «ማር ይሸጣል» ማለት ይሆናል። ሦስቱም ከምንፈልገው የራቁ ናቸው። ስለዚህ ንቢቱ ከሥራዋ ጋር ትሣል፤ ሥራዋም በአገሩ ሰው ሁሉ ከሚታወቀው አበባ ጋር ይሁን። በኮኪት ይህ አበባ የሰሊጥ አበባ ነው። ሰሊጥ የሚያርሰውም፣ የሚያርመውም፣ የሚያጭደውም፣ የሚጭነውም ያንን ነጭ ደወል የመሰለ አበባ ያውቀዋል፤ እንጀራው ነውና። ወደ ሰሊጥ አበባ የምትገባ አንዲት ንብ ብትሣል «ይህች ሠራተኛ ናት፤ የምትሠራውም ለአንተ ነው» ብላ ትናገራለች። ደጋ ላይ ቢሆን አበባው የኑግ ወይም የባቄላ ሊሆን ይችላል።

2ኛ. አሣሣሉ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኑ ይሣላል፤ ክፉ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይን። ይህን ያልተማረ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታልና። ታዲያ ንቢቱን ወደ ጎን አዙረን፣ መንደፊያዋን አሹለን ብንሥላት ሳናስበው ከክፉዎቹ ወገን ቆጠርናት ማለት ነው። ከላይ እንደምትታይ ሆና፣ ሁለቱ ትልልቅ ዐይኖችዋ ወደ እኛ ቢመለከቱ ግን ወዳጅ መሆንዋ ያለ ቃል ይታወቃል። ዙሪያዋም እንደ አባቶቻችን ሥዕል በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበብ። ቀጭን መስመር በቆላው አቧራ ውስጥ ይጠፋል፤ ወፍራሙ ግን ከሚሮጥ መኪና ላይም ይታያል። ክንፍዋን በጠጉር ብሩሽ ማስጌጥ፣ እግርዋን አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። ሠላሳ እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው «ንብና አበባ» ካለ ሥዕሉ በቅቷል።

3ኛ. ቀለሙ። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ባወጣው ጥናቱ ንቦች ቀለም እንደሚለዩ አስረዳ። ብዙ ግራጫ ካርዶችን ደርድሮ በመካከላቸው በአንዱ ሰማያዊ ካርድ ላይ የስኳር ውኃ አኖረ። ንቦቹ ከለመዱ በኋላ ስኳሩ ቢነሣም ሰማያዊውን አልሳቱትም። በቀይ ሲሞክር ግን ቀዩን ከጥቁሩ ሊለዩት አልቻሉም። ለእኛ እሳት የሚመስለው ቀይ ለንብ ጨለማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የቀፎውን ፊት የሚቀባ ሰው ሰማያዊ፣ ብጫና ነጭ ቢጠቀም ንቢቱ ቤትዋን ታውቃለች። ለከተማው ግድግዳም እነዚሁ ሦስቱና ጥቁር ይበቃሉ፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የሰሊጥ አበባ፣ በአበባው አፍ ላይ ብጫና ጥቁር ንብ። ቀይ ከቆላው ፀሐይ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም፤ ርካሹ ቀይ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል። ከአፈር የሚገኘው ብጫ ግን ፀሐይን ይችላል። በተጨማሪም ሰው ቀይን ሲያይ «አትቅረብ» የሚል ትእዛዝ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ሰው ወደ ንቢቱ ልቡ እንዲቀርብ እንሻለን።

4ኛ. ፊደሉ። ፊደል አይከልከል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ያለ ፊደል ሊቆም የሚችል መሆን አለበት። ኮኪት የመንገድ ከተማ ናት። ከደጋው አማርኛ ተናጋሪ ይወርዳል፤ ከጠረፉ ማዶ ዐረብኛ ተናጋሪ ይመጣል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ማረስና ንብ ማነብ የሚያውቁ አይጠፉም። ስለዚህ ከሥዕሉ በታች ሁለት ቃል፣ በአማርኛና በዐረብኛ፣ «ንብን ጠብቅ» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጻፈው ሁሉ የሰሊጡን አበባ ያጨናንቀዋል።

5ኛ. አንድነቱ። ምልክት ምልክት የሚሆነው በሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። አንዱ ሠዓሊ ዝንብ፣ ሌላው ተርብ፣ ሦስተኛው አሞራ የሚመስል ነገር ቢሥል ሰው ይደናገራል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ጥሩ ሠዓሊ ሥዕሉን አንድ ጊዜ በሚገባ ይሥለው፤ ከዚያ በቆርቆሮ ላይ ተቆርጦ ቅርጽ ማውጫ ይሁን። ቆርቆሮውን በግድግዳው ላይ አስደግፎ በላዩ ቀለም የሚቀባ ተማሪ እንኳ አይሳሳትም። ትልቁ ቆርቆሮ ለከተማው ግድግዳ፣ መካከለኛው ለማሳ ድንበር ሰሌዳ፣ ትንሹ ደግሞ ለመርጫው ታንክ ይሁን። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ትንሹ ይመስለኛል። ረጪው መርጫውን ሲያዝል ምልክቷን በእጁ የነካ እንደ ሆነ፣ በድንበሩ ላይ ሲያያት «ይህችን ዐውቃታለሁ» ይላል። የመድኃኒት ሻጩም በሱቁ በር ላይ ቢያኖራት መድኃኒቱን ሲሸጥ አንድ ቃል ለመናገር ታስታውሰዋለች፤ ይኸውም «አበባ በያዘ ሰብል ላይ አትርጭ፤ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ አድርገው፤ ለንብ ባለቤትም አስቀድመህ ንገር» የሚል ነው።

በግድግዳውም ላይ ሲሣል ከመሬት ከፍ ይበል። የክረምቱ ዝናም ከመሬት እየፈናጠረ የግድግዳውን እግር ጭቃ ያደርገዋልና። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ አስቀድሞ ኖራ ይቀባ። ሥራውም በከተማው ለሚገኙት የሱቅ ጽሑፍ ለሚጽፉ ሠዓሊዎች ይሰጥ፤ ዋጋቸውም ይከፈላቸው። የአገሩን ግድግዳና የአገሩን ዐይን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቀለሙ ሲያረጅ የሚያድሱትም እነርሱ ናቸው።

ከመቀባቱ በፊት ግን ፈተና ይኑር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነውና፣ ሥዕሉ በወረቀት ወይም በጣውላ ተሠርቶ በገበያ ቀን ይውጣ። ፊደል ላልቆጠሩ አሥር ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል ለሳሉግ፣ ለሻይ አፍዪ፣ ለሾፌርና ለእረኛ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታይና «ይህ ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከአሥሩ ሦስቱ «ጠጅ ቤት» ካሉ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ሥዕሉ እንደገና ይሣል። የተማረ ሰው ለተማረ ሰው አሳይቶ ያመሰገነው ምልክት እንደዚያች የድንበር ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል።

ክቡራን አንባብያን፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ መልክ ነው። አሁን ደግሞ ከመልክ የሚበልጠውን ልናገር። ምልክት ቃል ኪዳን ነው። በአንድ ቅጥር ግድግዳ ላይ ይህች ንብ ከተሣለች በዚያ ቅጥር ውስጥ ሦስት ነገር ሊገኝ ይገባል። አንደኛው አበባ ነው፤ በሶብላም ይሁን ሎሚ፣ ቁርቁራም ይሁን ሱፍ፣ አንዱ ሲረግፍ ሌላው የሚያብብ ተክል። ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ንቦች ቆመው የሚጠጡበት ጠጠር ያለበት የጣሳ ውኃ፣ በየቀኑ የሚለወጥ። ሦስተኛው ደኅንነት ነው፤ በቀን መርዝ የማይረጭበት፣ የንብ መንጋ ሲያርፍ በእሳት የማይቃጠልበት፣ ይልቁንም ንብ አናቢ ተጠርቶ የሚያነሣበት ቦታ። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ቅጥር ምልክቷን ሊይዝ አይገባውም። ይዞ ቃሉን ካፈረሰም ምልክቷ በኖራ ትደምሰስ። ይህን የምለው ለጭካኔ አይደለም፤ አንድ ሐሰተኛ ምልክት ዘጠኙን እውነተኞች ሐሰተኛ ስለሚያስመስል ነው። ንቢቱም ብትሆን ሥዕል አትቀስምም። ግድግዳችን በሰሊጥ አበባ ሥዕል ተሸፍኖ ጓሮአችን ባዶ ከሆነ ሰውን ደስ አሰኝተን ንብን አስርበናል።

አገራችን ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ ሕግ አላት፤ በአዋጅ ቁጥር 660/2002 ታውጇል። ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሲቀመጥና በሳሉጉ መርጫ ላይ ሲደርስ መካከሉ ሩቅ መንገድ ነው። ይህች ትንሽ ሥዕል በዚያ ሩቅ መንገድ ላይ የምትሄድ መልእክተኛ ናት።

ጊዜውም ራሱ የተመቸ ነው። የዓለም የንብ ቀን የሚውልበት ግንቦት 12 በእኛ አገር በጋው ሊያልቅ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ግድግዳው ገና ደረቅ ስለ ሆነ ቀለሙ ይይዛል፤ በሰኔም ዝናሙ ሲወርድ አበባው ይተከላል፤ በነሐሴ ሰሊጡ ሲያብብና መርጫው ሲነሣ ምልክቷ ከየቦታዋ ሆና ትጠብቃለች። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳውን ቢፈቅድ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ቢያሰማራ፣ የግብርና ባለሙያው የአበባውን ዓይነት ቢመርጥ፣ ካህኑና ሼኹ በየቅጥራቸው ቢያስጀምሩ፣ ሻይ አፍዪዋም አንድ ጣሳ ውኃ ብታኖር፣ ለማናቸውም ከባድ ሸክም አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለምን?

«ይህ ሁሉ ለዝንብ ታናሽ ወንድም ነውን?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋ ይሆናል። እርሱንም አልቆጣውም። ነገር ግን ወደ ኮኪት የሄደ እንደ ሆነ ከግራሩ ሥር ቆሞ ዝም ያሉትን ሦስት ቀፎዎች እንዲያዳምጥ እለምነዋለሁ። ንብ ያለበት ቀፎ ጆሮን ሲያስጠጉት እንደ ሩቅ ወንዝ ያጉረመርማል። ባዶው ግን ምንም አይልም። እኒያ ሽማግሌ ለብዙ ቀን ማታ ማታ ወደ ግራሩ እየሄዱ ጆሮአቸውን ያስጠጉ እንደ ነበር ነግረውኛል።

ልሰናበታቸው ስነሣ ሰሌዳውን አሳዩኝ። አልጣሉትም፤ ከቤታቸው ግድግዳ ጋር አስደግፈውታል። የልጁ ፊደል እጅግ ያማረ ነው፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ልጁም በአጠገባችን ቆሞ ያየን ነበርና «ንብ መሣል ትችላለህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሞክሬ አላውቅም» አለኝ።

እነሆ አሁን ይሞክር። በኮኪትም፣ በገንዳ ውኃም፣ በመተማ ዮሐንስም፣ መርጫና አበባ በሚገናኙበት ከተማ ሁሉ፣ ፊደል ያስተማርናቸው ልጆቻችን ፊደል ላልደረሰው ወንድማቸው አንዲት ንብ ይሣሉለት፤ ሁለት ዐይን ያላት፣ በሰሊጥ አበባ ላይ ያረፈች።